ነጭ ጋዝ ቤንዚንን ሲያበላሽ ኢታኖል ለምን አያበላሸውም?

መሪ ጨባጭ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ነጭ ጋዝና ቤንዚን ከአንድ ድፍድፍ ነዳጅ፣ በአንድ ማጣሪያ የሚወጡ ናቸው፤ ሁለቱም ከካርቦንና ከሃይድሮጅን በቀር የያዙት ነገር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ኢታኖል ግን ከስኳር ተረፈ ምርት፣ ከሞላሰስ የሚጠመቅ አልኮል ነው። ታዲያ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ሞተር ያንኳኳል ተብሎ ሻጩን ሲያስጠይቅ፣ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኢታኖል ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ መጀመሪያ 5፣ ኋላም 10 በመቶ እየተደባለቀ በመንግሥት ፈቃድ በአዲስ አበባ ማደያዎች ሊሸጥ የቻለው ስለ ምንድን ነው? የሥጋ ዘመዱ የሚያበላሸውን ባዕዱ እንዴት ሳያበላሸው ቀረ? የዋጋውንና የፖሊሲውን ጉዳይ ትታችሁ የኬሚስትሪውን ምክንያት ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

የላብራቶሪ ሰው፦

ዝምድናው ያሳሳተዎት ይመስለኛል። በቤንዚን ሞተር ውስጥ ነዳጅና አየር ተደባልቀው በፒስተን ይታመቃሉ፤ የሚፈለገውም ድብልቁ ካንዴላው ብልጭታ እስኪሰጥ ድረስ ታግሦ፣ ከዚያ ወዲያ ነበልባሉ ከካንዴላው ተነሥቶ በሥርዓት እንዲዛመት ነው። ነበልባሉ ገና ያልደረሰበት ድብልቅ በግፊትና በሙቀት ብዛት በራሱ ሲፈነዳ የምንሰማው ድምፅ ነው ማንኳኳት የሚባለው።

ይህ ትዕግሥት የሚለካው በኦክቴን ቁጥር ሲሆን፣ በመለኪያው ላይ ኢሶኦክቴን 100፣ ኖርማል ሄፕቴን ደግሞ 0 ተሰጥቷቸዋል። ኢሶኦክቴን 8 ካርቦንና 18 ሃይድሮጅን ያለው፣ ቅርንጫፍ የበዛበት ሞለኪውል ነው። በእነዚያው 8 ካርቦንና 18 ሃይድሮጅን፣ ነገር ግን በቀጥተኛ ሰንሰለት የተሠራው ኖርማል ኦክቴን ከዜሮ በታች ይወርዳል። ፎርሙላቸው አንድ ሆኖ ሳለ ይህን ያህል የሚራራቁት በቅርጻቸው ብቻ ነው። ረጅምና ቀጥተኛ ሰንሰለት ሲሞቅ ኦክስጅን ከአንዱ ካርቦን ጋር ይጣበቅና፣ ሰንሰለቱ እጥፍ ብሎ ከገዛ ራሱ ሌላ ክፍል ሃይድሮጅን ይነጥቃል፤ በዚህ መንገድ የሚፈጠሩት ፐርኦክሳይዶች እየተሰባበሩ ራዲካል የሚባሉ፣ ያገኙትን ሞለኪውል የሚያጠቁ አዳዲስ ቁርጥራጮችን ስለሚያራቡ ቃጠሎው ብልጭታ ሳይጠብቅ ይጀምራል። ቅርንጫፍ በበዛበት ሞለኪውል ላይ ግን ይህ ንጥቂያ ይከብዳል።

ነጭ ጋዝ በአብዛኛው ከ10 እስከ 16 ካርቦን ባላቸው ሞለኪውሎች የተሞላ፣ በ210 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በራሱ የሚቀጣጠል ፈሳሽ ነው። ኢታኖል ያለው 2 ካርቦን ብቻ ስለሆነ የሚታጠፍ ሰንሰለት የለውም፤ በራሱ ለመቀጣጠል ከ360 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ የኦክቴን ቁጥሩም ከ100 ያልፋል። በዚያ ላይ በሚተንበት ጊዜ ከቤንዚን ከእጥፍ በላይ ሙቀት ስለሚስብ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ያቀዘቅዛል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ቶማስ ሚጅሊ እ.ኤ.አ. በ1921 ማንኳኳትን ለማስቆም ያገኘው መድኃኒት እርሳስ (መርዛማው ብረት) ያለበት ቴትራኤቲል ሊድ ነበር፤ የዓለም መኪኖች ከዚህ መርዝ የተገላገሉት አልጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2021 መሸጧን ስታቆም ነው። ኢታኖል ያንኑ አገልግሎት ያለ እርሳስ ይሰጣል።

ዋጋ ግን ያስከፍላል። ኢታኖል በሞለኪውሉ ውስጥ ኦክስጅን ይዞ ስለሚመጣ በከፊል እንደተቃጠለ ሊቆጠር ይችላል፤ ከአንድ ሊትር ቤንዚን 32 ሜጋጁል አካባቢ ሲገኝ ከአንድ ሊትር ኢታኖል የሚገኘው 21 ያህል ነው። ስለዚህ 10 በመቶ የተደባለቀበት ቤንዚን በሊትር 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ይጎድለዋል።

የአዳማው መካኒክ፦

ከላይ በተባለው ላይ ከጋራዥ በኩል የምጨምረው አለኝ። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ፣ ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር የሚያምቀው አየር አነስተኛ ነው፤ ስለዚህም ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን እዚያ ድምፁን ሊደብቅ ይችላል። ያው መኪና ጭነት ይዞ ወደ አዋሽ ሲወርድ ማንኳኳት ይጀምርና ባለንብረቱ ጥፋቱን በሙቀቱ ያሳብባል። ሌላው ጉዳት ቀስ እያለ የሚመጣ ነው፤ የነጭ ጋዙ ከባድ ክፍል በሚገባ ሳይተን ይቀርና ካንዴላውን ጥቀርሻ ያለብሰዋል፣ ከሲሊንደሩ ግድግዳ እየወረደም የሞተሩን ዘይት ያቀጥነዋል።

ኢታኖሉም ቢሆን ነቀፋ አያጣም። ውኃ ይወዳል። በክረምት ወደ ማደያው ታንከር ውኃ ከሰረገ፣ ከ10 በመቶው ድብልቅ ውስጥ ግማሽ በመቶ ያህል ውኃ ሲደርስ ኢታኖሉ ቤንዚኑን ትቶ ከውኃው ጋር ወደ ታች ይዘቅጣል። ከላይ የሚቀረው ቤንዚን የኦክቴን ድጋፉን ያጣ ነው፤ ከሥር የሚቀዳው ደግሞ ሞተር የሚያስነሣ አይደለም። እንደ አረቄ በማትነንና በማቀዝቀዝ ብቻ የሚገኘው አልኮል ቢበዛ 95 በመቶ ገደማ ላይ ስለሚቆም፣ ለነዳጅ የሚውለው የቀረው ውኃ በሌላ ዘዴ እንዲወጣለት የሚደረገውም ለዚህ ነው።

መሪ ጨባጭ፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። እንደዚህ ከሆነ ኢታኖልን በናፍጣ ላይ መጨመር የማይለመደው ለምንድን ነው? የእኛ የጭነት መኪኖች የሚጠጡት ናፍጣ አይደለምን?

የላብራቶሪ ሰው፦

የናፍጣ ሞተር ካንዴላ ስለሌለው የሚፈልገው ተቃራኒውን ጠባይ ነው፤ ነዳጁ በታመቀው ትኩስ አየር ውስጥ እንደተረጨ ወዲያው በራሱ መቀጣጠል አለበት። ይህ ፈጣንነት በሲቴን ቁጥር ሲለካ የናፍጣ ከ40 በላይ ሲሆን የኢታኖል 10 እንኳ አይሞላም። ቤንዚንን የጠቀመው ትዕግሥት እዚህ ጉድለት ይሆናል። ለናፍጣ የሚስማማው ምትክ የአትክልት ዘይት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪሱ ዐውደ ርእይ ላይ አንድ የዲዝል ሞተር በለውዝ ዘይት ሠርቶ ታይቷል። ዘይቱ እንዳለ በጣም ወፍራም ስለሆነ በዛሬው አሠራር ከሜታኖልና ከጥቂት ኮስቲክ ሶዳ ጋር ተቀላቅሎ ኬሚካዊ ለውጥ ያደርጋል፤ ግሊሰሪኑ ተለይቶ ሲወጣ ረጅምና ቀጥተኛ ሰንሰለት ያለው ባዮዲዝል ይቀራል። ቤንዚን ውስጥ ጥፋት የነበረው ቅርጽ ለናፍጣ ሞተር የሚፈለገው እሱ ነው።

የአዳማው መካኒክ፦

አንድ ነገር ላስከትል። የነጭ ጋዙን ቅልቅል በጥግግት መለኪያ ብቻ ለማወቅ የምትሞክሩ ካላችሁ አትድከሙ፤ የቤንዚን ጥግግት ራሱ ከጭነት ጭነት ስለሚለያይ 10 በመቶ ነጭ ጋዝ በውስጡ ይሸሸጋል። የሚያጋልጠው ናሙናውን እያፈሉ ማትነን ነው፤ ቤንዚን በ220 ዲግሪ አካባቢ ተንኖ ማለቅ ሲገባው፣ ነጭ ጋዝ ያለበት ከዚያም አልፎ መንጠባጠቡን ይቀጥላል።