የአደይ ጓሮዬን ለጎብኚ የምከፍትበት ቀን ቸግሮኛል

ጎንደር ከተማ ውስጥ፣ ከመኖሪያ ቤቴ ጀርባ፣ ሦስት መቶ ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የአበባ ጓሮ አለኝ። ጽጌረዳው ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም፤ ሰው እንዲያይልኝ የምመኘው ግን በታችኛው እርከን ላይ ማንም ሳይዘራው በቅሎ በመስከረም የሚፈካውን አደይ አበባ ነው፤ እርሱም ጥቅምት ሳይጋመስ ይረግፋል።

ባለፈው ዓመት ለመስቀል ወደ ከተማው የሚመጡትን እንግዶች አስቤ፣ ከመስከረም 15 እስከ 20 በሩን እንደምከፍት አስቀድሜ አስታውቄ መጠነኛ የመግቢያ ክፍያም ተቀብዬ ነበር። መስከረም 16፣ የደመራ ዕለት፣ ከጠዋት ጀምሮ ጠርቶ የዋለው ሰማይ በድንገት ጠቁሮ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣለ። አፈሩ ዋልካ በመሆኑ መተላለፊያው ጫማ የሚነቅል ጭቃ ሆነ፤ እንግዶቹም ጭቃውን ሽሽት ወደ መደቡ ሲወጡ አደዩ ከነግንዱ ተረገጠ። ለቀሪዎቹ ቀናት የተቀበልሁትን ገንዘብ መለስሁ።

ከዚያ ወዲህ መተላለፊያውን ጭድ አለበስሁት፣ በሰበሰ፤ ጠጠር አፈሰስሁበት፣ ዋልካው በአንድ ክረምት ዋጠው። በእርግጥ የረዳኝ በጓሮው ዳር የቆፈርሁት የውኃ መውረጃ ቦይ ብቻ ነው። ሸራ መወጠርንም ሞክሬ ነበር፤ ነገር ግን አደይን ያለ ፀሐይ ማሳየት አላሳየሁም እንደማለት ስለሆነብኝ ትቼዋለሁ።

አሁን የቀረኝ የቀኑ ጉዳይ ነው፤ በመስከረም መጀመሪያ ብከፍት ዝናቡ ገና አልወጣም፣ ጥቅምትን ብጠብቅ አበባው አይጠብቀኝም። እንዲህ ያለ ቦታ ለጎብኚ ከፍታችሁ የምታውቁ ሰዎች፣ ቀኑን ቆርጦ አስቀድሞ ማስታወቅ ይሻላል ወይስ የሁለት ሳምንት ጊዜ ብቻ አሳውቆ፣ ሰማዩ ሲጠራ ለተመዘገቡት በዋዜማው መደወል?