የኬዝ ውድድር ፕሮፖዛል፦ በጀቱን ምን ላይ እናውለው?

የማኅበሩ ጸሐፊ

ሰላም አባላት። የዓመቱ ፕሮፖዛል ዲን ቢሮ ከመግባቱ በፊት ሁላችሁም እንድታዩት ፈልጌ ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ አጭር ነው። አራት ተማሪ መርጠን አዲስ አበባ ለኬዝ ውድድር እንልካለን ይላል። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከገንዘቡ አብዛኛው ለትራንስፖርትና ለአልጋ ይሄዳል። ረቂቁን ሳነበው አንድ ነገር ከነከነኝ። አራቱ ከሄዱ በኋላ ለቀረነው ምን ይተርፈናል? የመሰላችሁን ጻፉ። አሰባስቤ የጋራ ጽሑፍ አደርገዋለሁ።

የአካውንቲንግ 3ኛ ዓመት ተማሪ

ለአዲስ አባላት ከመነሻው ልጀምር። ኬዝ ማለት የአንድ ድርጅት ታሪክ ነው። ሥራ አስኪያጁ መወሰን ያለበት ነገር አለ፤ ቁጥሮቹም ከኋላ ተያይዘዋል። እናንተ በሱ ቦታ ሆናችሁ ትወስናላችሁ። ሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩል እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ የሚያስተምርበት ዘዴ ነው። በውድድር ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ልጅ ያለው ቲም ኬዙን ይቀበላል፣ መፍትሔ ያዘጋጃል፣ ዳኞች ፊት ቆሞ ያቀርባል፣ ከዚያ ጥያቄ ይዘንብበታል።

የሚሰጠው ጊዜ ይለያያል። አንዳንዱ ሳምንታት ይሰጣል። አንዳንዱ 24 ሰዓት። ሞንትሪያል ኮንኮርዲያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ለኤምቢኤ (በቢዝነስ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ) ተማሪዎች የሚያዘጋጀው የጆን ሞልሰን ውድድር ለዝግጅት የሚሰጠው 3 ሰዓት ነው። በ3 ሰዓት ውስጥ አዲስ ነገር መማር አይቻልም። የሚሠራው ቀድሞ የተለማመዱት ብቻ ነው።

ሌላው፣ ብዙዎቻችን ከሃልት ፕራይዝ ጋር እናምታታዋለን። ሃልት ፕራይዝ ለማኅበራዊ ችግር የራሳችሁን የቢዝነስ ሐሳብ ይዛችሁ የምትቀርቡበት ነው፤ ለዓለም አሸናፊው 1 ሚሊዮን ዶላር በመስጠት ይታወቃል። ኬዝ ላይ ግን ድርጅቱ የሌላ ሰው ነው። ገንዘቡ ውስን ነው፣ ሠራተኞቹ ያው ናቸው፣ ዕዳም ሊኖርበት ይችላል። ዝግጅቱም ለየቅል ነው። ፕሮፖዛሉ የትኛውን እንደሆነ ለይቶ ይጻፍ።

ገንዘብ ያዥ

በጸሐፊዋ ሐሳብ እስማማለሁ። ከበጀቱ ከግማሽ በላይ አስፋልት ላይ ማለቁ ያሳስበኛል። በዚያ ላይ የውድድሩ ቀን ሲቀያየር የከፈልነው ቅድሚያ ክፍያ አይመለስም። ለልምምድ የሚያስፈልገን ወረቀት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ማርከርና አዳራሽ ነው። ሁሉም እዚሁ አለ።

የማርኬቲንግ 4ኛ ዓመት ተማሪ

ቆይ፣ መሄዱን እንዳንጥለው። እዚህ እርስ በርስ ብቻ ስንወዳደር ደረጃችን የት እንደሆነ አናውቅም። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ቲም ጋር አንድ መድረክ ላይ መቆም፣ የኩባንያ ኃላፊ የሆነ ዳኛ ሲያፋጥጥህ መልስ መስጠት፣ ይሄ ልምድ በልምምድ አይተካም። የሚገኘው ትውውቅም ቀላል አይደለም። ሥራ የሚገኘው በሰው በሰው በሆነበት ጊዜ የጅማ ልጅ አዲስ አበባ ላይ የሚያውቀው ሰው ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነው። ለእኔ ጉዞው ይኑር፤ ግን ጉዞው ከልምምዱ በኋላ ይምጣ።

የግብርና ኢኮኖሚክስ 4ኛ ዓመት ተማሪ

እኔ የጎማ ወረዳ ልጅ ነኝ፤ ከዚሁ ከጅማ ዞን። እስከ አሁን የተለማመድንባቸው ኬዞች ስለ አሜሪካ አየር መንገድና ስለ አውሮፓ ሱፐርማርኬት ነበሩ። ጥሩ ናቸው። ግን ቁጥሩን ከማመን በቀር ምርጫ የለንም፤ ሄደን አንጠይቅም። እዚህ ግን በራችን ላይ ኬዝ አለ።

አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውሰዱ። ከጥቅምት ጀምሮ እሸት፣ ማለትም ገና የተለቀመውን ቀይ የቡና ፍሬ፣ ይገዛል። እሸት አያድርም፤ በመጣበት ቀን መፈልፈል አለበት፣ ካልሆነ ጥራቱ ይወርዳል። ስለዚህ ባለቤቱ ገንዘቡን በጥሬው ይዞ ነው የሚጠብቀው። ጎረቤት ያለው ጣቢያ ዋጋ ሲጨምር እሱም ይጨምር ወይስ ይተው? ከተወ ገበሬው እሸቱን ወደዚያኛው ይወስዳል። ከጨመረ ደግሞ ቡናው ሲሸጥ ዋጋው ስንት እንደሚሆን ዛሬ አያውቅም።

ሒሳቡን እዩት። ለአንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና (ደርቆ ገለባው ለተነሣለት ፍሬ) ስድስት ኪሎ ገደማ እሸት ይፈልጋል። ለምሳሌ እሸት በኪሎ 60 ብር ነው እንበል፤ የጥሬው ወጪ ብቻ 360 ብር ሆነ። በእሸቱ ላይ 10 ብር ቢጨምር በአንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ላይ የሚጨምረው 60 ብር ነው። በፈረሱላ ካሰብነው፣ 17 ኪሎ ነውና፣ 1,020 ብር። ሚዛን ላይ 10 ብር ሲሉት ትንሽ ይመስላል። ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ጋ ነው። የሠራተኛ፣ የነዳጅና የባንክ ወለድ ገና አልተነካም። ደግሞ መፈልፈያው ወቅቱ ሲያልፍ እስከሚቀጥለው ዓመት ይቆማል። ብድሩ ግን አይቆምም።

ይሄ ኬዝ ፋይናንስ አለው፣ ማርኬቲንግ አለው፣ የሰው አመራር አለው። ከምንም በላይ የምንጠይቀው ሰው አለ። ከመልኮ የግብርና ምርምር ማዕከልም ስለ ጥራት ባለሙያ ማናገር ይቻላል።

የኢኮኖሚክስ 2ኛ ዓመት ተማሪ

ወንድሜ፣ ይሄ 10 ብሩ 60 የሚሆንበት ነገር ገና አሁን ነው የገባኝ። ክፍል ውስጥ የግብዓት ወጪ ብለን ስንት ጊዜ ተምረነዋል!

እኔ የምጨምረው ስለ ምርጫው ነው። ቲም ሲመረጥ ሁሌም እንግሊዝኛ የሚቀናው ልጅ ይመረጣል። ኤክሴሉን የሚሠራው ልጅ ይቀራል። ጥያቄ ሲመጣ ግን ተናጋሪው ቁጥሩ ከየት እንደመጣ አያውቅም። ስለዚህ ውይይቱ በአማርኛም በኦሮምኛም ይሁን። ሰው በሚያስብበት ቋንቋ ይከራከር። አቀራረቡን በእንግሊዝኛ በመጨረሻ እንለማመደዋለን። የመረጃ ቃለ መጠይቁም እንዲሁ። ከገበሬ ጋር በኦሮምኛ የሚያወራ ልጅ በየቲሙ ይኑር።

አንድ ሌላ ነገር። ልምምዱ ማታ ከሆነ ሴቶቹ እንቀራለን። ከመሸ ወደ ዶርም መመለስ ለኛ ከባድ ነው። የ24 ሰዓቱን ኬዝ ለመለማመድ የግድ ማደር የለብንም። ቅዳሜ ጠዋት ኬዙ ይሰጠን፣ ማታ እያንዳንዱ ዶርሙ ሆኖ ያንብብ፣ እሑድ ጠዋት እናቅርብ።

ገንዘብ ያዥ

የቅዳሜው ሐሳብ ያለ ክርክር ይጻፍ። መብራት ስለሚጠፋም ቢያንስ አንዱ ዙር ያለ ፕሮጀክተር፣ በትልቅ ወረቀት ላይ ብቻ ይሁን።

የቀድሞ አባል፣ አሁን ባንክ ብድር ክፍል

ስታወሩ ደስ እያለኝ ነው ያነበብኩት። ከማየው ተነሥቼ ጥቂት ልበል።

ዳኛ የሚጠይቀው የብድር ኮሚቴ ከሚጠይቀው ብዙም አይርቅም። ይሄ ቁጥር ከየት መጣ? ሽያጩ በ20 በመቶ ቢወርድ ብሩን በምን ትመልሳለህ? ሌላውን አማራጭ ለምን ጣልከው? ማን ነው የሚሠራው፣ መቼ ይጀምራል? እነዚህን አራት የሚመልስ ቲም ስላይዱ ባያምርም ይከበራል። በተለይ ሦስተኛው ላይ ብዙ ቲም ይወድቃል። የመረጡትን ያሳያሉ፤ የጣሉትን በቁጥር አያሳዩም።

ሁለተኛ፣ ማዕቀፍ አታብዙ። ስዎት (የድርጅቱ ጥንካሬ፣ ድክመት፣ ዕድልና ስጋት በአራት ሳጥን የሚጻፍበት)፣ የፖርተር አምስቱ ኃይሎች (ተፎካካሪ፣ አዲስ ገቢ፣ ምትክ ምርት፣ ገዢና አቅራቢ የሚፈጥሩት ጫና)፣ እነዚህ ለማሰብ ይረዳሉ። የሃርቫርዱ ማይክል ፖርተር አምስቱን ኃይሎች እ.ኤ.አ. በ1979 ሲጽፍ አንድ ኢንዱስትሪ ለምን ትርፋማ እንደሚሆን ለመረዳት ነበር። እኛ ጋ ግን አራት ሳጥን ሞልቶ መለጠፍ ሆኗል። ዳኛው ስዎት ማየት አይፈልግም፣ ውሳኔ ነው የሚፈልገው። መጀመሪያ ችግሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ሁላችሁም ያ ዓረፍተ ነገር ላይ ሳትስማሙ ላፕቶፕ አትክፈቱ። እዚያ ላይ የምታጠፉት ጊዜ አይባክንም። የእያንዳንዱ ስላይድ ርዕስም ሙሉ ሐሳብ ይሁን። «የፋይናንስ ትንተና» አይበል። «ጣቢያው እሸት ከ60 ብር በላይ ከገዛ ይከስራል» ይበል። ርዕሶቹን ብቻ ያነበበ ሰው ክርክራችሁ ይግባው።

ሦስተኛ፣ ከኢንተርኔት የምታወርዱትን የቆየ የኢትዮጵያ ኬዝ ተጠንቀቁ። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር የተደረገው ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት በተጻፈ ኬዝ ላይ ያለው የላኪና የአስመጪ ሒሳብ አሁን አይሠራም። እሱን ራሱ ልምምድ አድርጉት፤ የዛሬውን ምንዛሪ አስገቡና ውሳኔው ይቀየር እንደሆነ እዩ።

ጥቅሙን በተመለከተ ደግሞ ዋንጫው ሲቪ ላይ አንድ መስመር ነው። የሚቀረው ሌላ ነው። በማታውቀው ድርጅት ቁጥር ውስጥ ገብቶ፣ ከሌሎች ጋር ተከራክሮ፣ መረጃ ሳይሟላ ወስኖ፣ ውሳኔን ሰው ፊት መከላከል። ሥራ ስትገቡ በየቀኑ የምትሠሩት እሱን ነው። ለልምምድ ዳኝነት ቅዳሜ ከሰዓት ካላችሁኝ እመጣለሁ።

የማርኬቲንግ 4ኛ ዓመት ተማሪ

ወንድማችን እናመሰግናለን። የዳኞቹን አራት ጥያቄዎች እንደ ማርክ መስጫ እንጠቀምባቸው። እያንዳንዱ አባል፣ የተናገረም ያልተናገረም፣ አንዱን ይመልስ። ያኔ ኤክሴል የሠራው ልጅ አይደበቅም፤ ተናጋሪውም ሳያውቅ አይናገርም።

የማኅበሩ አማካሪ መምህር

ልጆች፣ የጣቢያውን ሐሳብ ወድጄዋለሁ። በጥንቃቄ ይሁን ብቻ።

የሰው ሒሳብ መዝገብ ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ስለዚህ ባለቤቱ አስቀድሞ በጽሑፍ ይፍቀድ። ስሙና የጣቢያው ስም ይቀየር። ብድሩና የገበሬዎቹ ሒሳብ በጥሬው አይውጣ፤ ቁጥሮቹን ሁሉ በአንድ ዓይነት ማባዣ ብትቀይሯቸው ግንኙነታቸው ሳይበላሽ ምሥጢሩ ይጠበቃል። ሥራው ሲያልቅም ቲሞቹ የደረሱበትን በአንድ ገጽ፣ በሚገባው ቋንቋ ጽፋችሁ መልሱለት። ጊዜውን ሰጥቷችሁ ባዶ እጁን መቅረት የለበትም።

ኬዝ ስትጽፉ መልሱን ውስጡ አታስቀምጡ። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ችግር ነው። ጸሐፊው የሚደግፈው አማራጭ ላይ ሦስት ገጽ ይጽፋል፣ ሌላው ላይ አንድ አንቀጽ። አንባቢው መልሱን ከገጹ ብዛት ያውቀዋል። ሰውየው መወሰን ባለበት ዕለት ጀምሩ፤ ያኔ የሚያውቀውን ብቻ ስጡ።

ለሁለተኛ ዙር ሌላ ርዕስ ልጠቁም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያጸደቀው የደን ጭፍጨፋ ደንብ ቡናን ይመለከታል። ቡናው የተመረተበት መሬት እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደኑ የተመነጠረ መሆን የለበትም፤ ማሳው የት እንደሆነም በካርታ መገለጽ አለበት። ሥራ ላይ የሚውልበት ጊዜ ቢራዘምም ላኪዎች መዘጋጀት አለባቸው። እንደ ጌራ ባለ ቡናው ከደን ጋር በሚኖርበት ወረዳ ያለ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ይህን ወጪ በምን ይሸፍን? ወጪውን ማን ይካፈል? ለክርክር ሰፊ ነው።

የግብርና ኢኮኖሚክስ 4ኛ ዓመት ተማሪ

መምህር፣ እናመሰግናለን፤ በጣም ጠቃሚ ነው ያነሡልን። የጣቢያ ባለቤት የሆኑ አንድ ሰው አውቃለሁ፤ ሐሙስ ገበያ ሲወርዱ አናግራቸዋለሁ። ግን መፍጠን አለብን። ጥቅምት ከገባ በኋላ እሳቸውን ቁጭ ብሎ ማናገር የሚታሰብ አይደለም።

የማኅበሩ ጸሐፊ

ይህን ጻፍኩ፤ እዩት።

«ማኅበሩ በዚህ ዓመት በቡና ማጠቢያ ጣቢያ ላይ የተመሠረተ አንድ ኬዝ በአባላቱ አጽፎ በጅማ የውስጥ ውድድር ያካሂዳል። ከውድድሩ በፊት በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜና እሑድ በቀን ልምምድ ይኖራል። ቲሞች ከተለያየ የትምህርት ክፍልና ዓመት ይዋቀራሉ፤ እያንዳንዱ አባል ከዳኞች ቢያንስ አንድ ጥያቄ ይመልሳል። የኬዙ ባለቤት ፈቃድ በጽሑፍ ይያዛል፤ ውጤቱም ይመለስለታል። የበጀቱ ሁለት ሦስተኛ ለልምምድ፣ ለመረጃ መሰብሰቢያ ጉዞና ለኅትመት ይውላል። ቀሪው አንድ ሦስተኛ በውስጥ ውድድሩ ያሸነፈው ቲም ከጅማ ውጭ ለሚካሄድ ውድድር እንዲጓዝ ይያዛል።»

የማርኬቲንግ 4ኛ ዓመት ተማሪ

ጥሩ ነው። «ያሸነፈው ቲም» ከሚለው በኋላ «ከተመለሰ በኋላ ያየውን ለመላው አባላት በአንድ ልምምድ ያቀርባል» የሚል ይግባ። የተጠየቁትን ጥያቄ በሙሉ ጽፈው ይምጡ።

ገንዘብ ያዥ

የጉዞው አንድ ሦስተኛ እስከ መጋቢት መጨረሻ ካልተነካ ለሁለተኛው ኬዝ ይዙር ብላችሁ ጨምሩ። አለበለዚያ ዓመቱ ሲዘጋ ገንዘቡ ሥራ ላይ ሳይውል ይቀራል።

የኢኮኖሚክስ 2ኛ ዓመት ተማሪ

ቃለ መጠይቁ ላይ እኔም ልኑርበት። ኦሮምኛ እችላለሁ፤ ጥያቄዎቹን ቀድሜ በሁለቱም ቋንቋ አዘጋጃለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ

ሁለቱም ማሻሻያ ገብቷል። እህቴ፣ አንቺን ከጎማው ልጅ ጋር መዝግቤሻለሁ። መምህር፣ የፈቃድ ደብዳቤውን ረቂቅ ነገ ወደ ቢሮዎ ይዤ እመጣለሁ። ሌላ ሐሳብ ያላችሁ እስከ ረቡዕ ማታ ጻፉ፤ ዓርብ ጠዋት ዲን ቢሮ አስገባዋለሁ።