የፈረንጅ ላማችን በክረምት ልትወልድ ነው፤ ለጥጃው ምን እናዘጋጅ?

ዱርቤቴ ነኝ
ሰላም ለሁላችሁ። የገዛናት የፈረንጅ ዲቃላ ላም ሐምሌ አጋማሽ ላይ ትወልዳለች፤ ሦስተኛ ወሊዷ ነው። ቤታችን የሚያውቀው የአበሻ ከብት ብቻ ነው። እናታችን የመጀመሪያውን እንገር ቀቅላ ጎረቤት ታቀምሳለች፤ ለጥጃው ስንት ይቅር? እትብቱስ ምን ይደረግ? ግንቦት ገብቶም በቀን 4 ሊትር ያህል እየታለበች ነው።

የዳንግላ አርቢ
ወንድሜ፣ መጀመሪያ አንጥፏት። ከመውለዷ 2 ወር በፊት ካልነጠፈች ግቷ አያርፍም፣ እንገሩም ይቀጥናል። ፋጉሎና ፉርሽካውን አቁማችሁ ድርቆሽና ውሃ ብቻ ስጧት። ከሳምንት በኋላ ማለቡን ጨርሳችሁ ተዉት፤ በየሁለት ቀኑ ትንሽ ትንሽ ማለብ ግቷን ለበሽታ ይዳርጋል። ግቷ ሲወጠር አትደንግጡ፣ በቀናት ውስጥ ይመለሳል። ከጋለና ካበጠ ግን ሐኪም ይያት። ልትወልድ 3 ሳምንት ሲቀራት ፉርሽካውን በጥቂቱ ጀምሩላት።

ቡሬ፣ የከብት ሐኪም
እንገሩን በተመለከተ እናታችሁን በአክብሮት አስረዷት። በላም ማኅፀን ውስጥ በሽታ ተከላካዩ ከእናት ወደ ጥጃ አያልፍም፤ የሚያገኘው በእንገሩ ብቻ ነው። አንጀቱም ይህን ተከላካይ የሚያሳልፈው ለአንድ ቀን ያህል ነው፣ ከመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት በኋላ በፍጥነት እየቀነሰ ይሄዳል። 30 ኪሎ የሚመዝን ጥጃ በእነዚያ 6 ሰዓታት 3 ሊትር፣ ከተወለደ በ12ኛው ሰዓት ሌላ 2 ሊትር ይጠጣ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ቆሞ ካልጠባ አልባችሁ በጡጦ ስጡት። አፉን ከፍታችሁ አታፍስሱበት፣ ሳንባው ውስጥ ይገባል። የፈረንጅ ላም እንገር ጥጃው ከሚችለው በላይ ስለሆነ ለጎረቤት የሚደርሰው ከሁለተኛው ቀን ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ግቷን ሙሉ በሙሉ አታሟጡ። ብዙ የምትታለብ ላም ካልሲየሟ በድንገት ይወርድና ትወድቃለች፤ ጆሮዋ ይቀዘቅዛል፣ አንገቷን ወደ ጎኗ ታጥፋለች። ያኔ ሰዓት ሳታባክኑ ሐኪም ጥሩ፤ መድኃኒቱ በደም ሥር የሚሰጥ ነው። የእንግዴ ልጁ ከወለደች በኋላ በ12 ሰዓት ውስጥ ካልወጣም በእጅ አትጎትቱ።

የመራዊዋ
የክረምት ጥጃ ጠላቱ እርጥብ ጉዝጓዝ ነው። ጉልበታችሁን መሬት ላይ አሳርፉ፤ ልብሳችሁ ከራሰ ለጥጃውም ርጥብ ነው። የስንዴ ወይም የገብስ ገለባ አንጥፉ፣ በየቀኑ ቀይሩ፤ የጤፍ ጭዱ ለመኖ ይቅር። ከትልልቆቹ ከብቶች ለዩት።

ካስቀመጠው ወተቱን አትከልክሉት። ፈልቶ ለብ ባለ 1 ሊትር ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡና በወተቱ መሃል ስጡት። ከወተት ጋር አትደባልቁ፤ ወተቱ ሆዱ ውስጥ በደንብ እንዳይረጋ ያደርጋል። ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም መጥባት ከተወ ለነገ አታሳድሩ።

ዱርቤቴ ነኝ
እግዜር ይስጥልን። ለእትብቱ በረኪና ይሆናል?

ቡሬ፣ የከብት ሐኪም
አይሆንም፣ ሥጋውን ያቃጥለዋል። 7 በመቶ ቲንክቸር አዮዲን ከከብት መድኃኒት ቤት አሁኑኑ ግዙ። በትንሽ ኩባያ አድርጋችሁ እትብቱን እስከ ሥሩ ንከሩት፤ እንደተወለደ አንዴ፣ ከ12 ሰዓት በኋላ ደግሞ አንዴ። የተረፈውን ኩባያው ውስጥ አታቆዩ፣ ድፉት። በሳምንቱ እትብቱ ደርቆ ካልጠቆረ፣ ወይም ጉልበቱ አብጦ ካነከሰ፣ ቁስሉ ወደ ደሙ ገብቷልና አምጡት።