ሮምን በአንድ ቀን ከልጆች ጋር

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ፍሎረንስ ነው። ቅዳሜ የ6 እና የ9 ዓመት ልጆቼን ይዤ ሮም ደርሼ ልመለስ አስቤያለሁ። ትንሿ ቶሎ ይደክማታል። የቱን ልተው?

መልስ፦ እህቴ፣ ቫቲካንን ለሌላ ቀን ተዪው። ሰልፉ ልጅ ያስለቅሳል። ኮሎሲየም ይበቃችኋል። ከዋናው ባቡር ጣቢያ ከቴርሚኒ በሜትሮ ቢ ሁለተኛው ፌርማታ ነው። ከ18 ዓመት በታች መግቢያው ነፃ ነው፤ ቲኬታቸውን ግን ቀድመሽ ያዢ።

መልስ፦ ከዚያ ፖርታ ካፔና አደባባይን አሳዪያቸው፤ በእግር ቅርብ ነው። የአክሱም ሐውልት ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆመው እዚያ ነበር። አገሩ የገባው በ2005 ነው። ለልጄ ቦታውን አሳይቼ ስነግረው፣ «ማን ፈቀደላቸው?» አለኝ። አሁንም ይጠይቀኛል።

ጠያቂዋ፦ ይሄንንማ ሳላሳያቸው አልመለስም። እግዜር ይስጥልኝ!