«ዌስት» ስል ምዕራብ ይመስላቸዋል፣ ምን ላድርግ?

የጅማው ልጅ፦ ሰላም ሰዎች፣ ከቡና ገለፈት ከሰል ስለመስራት በእንግሊዝኛ ፕረዘንቴሽን አለብኝ። ገለፈቱ በርሜል ውስጥ አየር ሳያገኝ እንደሚከስል፣ ከዛ ተፈጭቶ ሞላሰስ በሚባል የሚያጣብቅ የስኳር ተረፈ ምርት ተለውሶ እንደሚጠፈጠፍ ሳስረዳ ሁሉም ገባቸው፣ ግን ቆሻሻ ለማለት «ዌስት» ባልኩ ቁጥር አንዷ «የት ነው፣ ምዕራብ ወለጋ?» እያለች ታስቅብኛለች 😂

ቲቸር፦ ወንድሜ የአማርኛችን ጣጣ ነው። እኛ ጋ «ኤ» አንድ ናት፣ እነሱ ግን ቆሻሻውን ሲሉ ከኤ ተነስተው ወደ ኢ ይንሸራተታሉ፣ «ዌይስት» በል፣ ጎተት አድርጋት። ምዕራቡ ነው ቁርጥ የሚለው።

ሰብሊ፦ ኧረ እኔ እስካሁን «እስኩል» ነው የምለው 🙈

ቲቸር፦ @ሰብሊ ቃል ሲጀምር ሁለት ተነባቢ ስለማንደረድር እኮ ነው «እ» የምንሰካው። «ስስስ» ብለሽ አስረዝመሽ «ኩል»ን ለጥፊበት፣ ይሰራል።

አቤ፦ አያቴ ፖሊስን «ቦሊስ» ነው የሚሉት፣ ማንም ግን ሳይገባው ቀርቶ አያውቅም። አንተም «ዌይስት»ን ስላይዱ ላይ በትልቁ ጻፋትና ተገላገል።

የጅማው ልጅ፦ ዌይስት ዌይስት እያልኩ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ወራጅ አለ?» አለኝ 😂 ተመስገን