ሙሉ ተርኪ ለበዓል፦ ከፍሪዘር፣ ፍሬሽ ወይስ ተጠብሶ የሚመጣ? ጥቆማ እፈልጋለሁ

አዲስ ማድቤት
ሰላም ቤቶች። ለበዓል አሥር ሰው እቤት ይመጣል፣ አማቶቼም አሉበት። ሙሉ ተርኪ አቀርባለሁ ብዬ አፌ አመለጠኝ። ጠብሼ ግን አላውቅም። ሦስት አማራጭ አለኝ። ከሱፐርማርኬት ፍሪዘር በረዶ ሆኖ የሚሸጠው፣ ሥጋ ቤት አስቀድሞ የሚታዘዘው ፍሬሽ፣ ወይም ጠብሰው እቤት ድረስ የሚያመጡት። የሞከራችሁ የቱ ይሻላል? ዕቃም ካለ ጠቁሙኝ። ያለኝ ተራ ኦቨንና አንድ ትሪ ነው።

ጨው በልክ
ፍሬሽ። ሌላ አትመልከቺ። እኔ ከአንድ ሥጋ ቤት ውጭ ገዝቼ አላውቅም፣ አልገዛምም። ሰውየው ገና በሩ ላይ ሲያየኝ የምፈልገውን ያውቃል።

ሒሳብ አዋቂ
በደንብ የቀለጠ የፍሪዘር ተርኪ ከፍሬሹ የሚወራውን ያህል አይለይም። የሚለየው ጊዜው ነው። መጀመሪያ መጠኑ፦ ለአንድ ሰው ከነአጥንቱ ከግማሽ ኪሎ እስከ 700 ግራም ያዢ። ለአሥር ሰው 6 ኪሎ አካባቢ ይበቃል። 6 ኪሎ በረዶ ፍሪጅ ውስጥ ለመቅለጥ ሦስት ቀን ይፈልጋል፣ ለየሁለት ኪሎው 24 ሰዓት ገደማ ማለት ነው። ከቀለጠ በኋላም አንድ ሁለት ቀን ፍሪጅ ውስጥ ይቆይልሻል። ስለዚህ አራት ቀን ሲቀረው አውጪው።

ቀኑ ካመለጠሽ ማሸጊያውን ሳትከፍቺ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሪው። ውሃውን በየ30 ደቂቃው መቀየር አለብሽ። በኪሎ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፣ እንደቀለጠም ወዲያው ኦቨን ይግባ። ጠረጴዛ ላይ ማሳደር ግን ፈጽሞ አይሆንም። ውስጡ በረዶ እያለ ውጭው ለባክቴሪያ ይመቻል።

ማሸጊያውንም አንብቢ። ብዙዎቹ የፍሪዘር ተርኪዎች ጨዋማ ውሃ ተወግተው ነው የሚሸጡት። እንደዚያ ካለ ተጨማሪ ጨው አያስፈልገውም።

ጨው በልክ
ወንድሜ ሒሳቡ ጥሩ ነው። የኔ ሰውዬ ጋ ያለው ግን ይለያል።

ሒሳብ አዋቂ
በምን?

ጨው በልክ
ይለያል አልኩህ።

ምድጃ ጠባቂ
ተጠብሶ የሚመጣውን ብቻ ተይው እህቴ። የደረሰብኝን ልንገርሽ። አስቀድሜ አዘዝኩ፣ ቀብድ ከፈልኩ፣ ለምሳ ይደርሳል ተባልኩ። እንግዳው ሰላጣውን ጨርሶ ሰዓቱን ማየት ጀመረ። በስንት ስልክ ሣጥኑ መጣ፣ ለብ ብሏል። ቆዳው ያብረቀርቃል፣ ፎቶ ቢነሳ ያምራል። ባለቤቴ ታፋውን ሊለይ ቢላዋውን ሲከት መገጣጠሚያው ጥሬ ነው! ደም የቀላቀለ ውሃ ሳህኑን ሞላው። አማቴ ቀስ ብለው ሳህናቸውን ወደኋላ ገፋ አደረጉ። ብደውል አንዱ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እሱ እንደዚያ ነው የሚበላው።» ደግሞ ጉበቱና አንገቱ ከነላስቲኩ ሆዱ ውስጥ ነበሩ። አብሮ ተጠብሷል፣ ላስቲኩ!

ማንኪያ
ኧረ በስማም! ማን ናቸው? ስማቸውን ንገሪን።

ምድጃ ጠባቂ
ስም አልጠራም፣ ክርክር ውስጥ አልገባም። ግን አልበረደልኝም።

ቢላዋ ስሎ
ለላስቲኩ ለብቻው አስከፈሉሽ ወይስ በነጻ ነው?

ማንኪያ
ገንዘብሽን መለሱልሽ?

ምድጃ ጠባቂ
«ለሚቀጥለው ትዕዛዝ ቅናሽ እናደርግልሻለን» አሉ።

ቢላዋ ስሎ
የሚቀጥለውማ ከነሣጥኑ ይጠበስልሻል።

ዝምተኛዋ
እኔ ደግሞ አዝዤ ጥሩ ነገር ነው የመጣልኝ። ሁሉም አንድ አይደለም። የምታዢ ከሆነ ሁለት ነገር ጠይቂ። ትኩስ ነው የሚመጣው ወይስ ቀዝቅዞ? ከኦቨን የሚወጣውስ ስንት ሰዓት ላይ ነው? ትኩስ ከሆነ ከ60 ዲግሪ በታች ሳይወርድ መድረስ አለበት። ካመጡት በኋላ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው መበላት ወይም ተቆራርጦ ፍሪጅ መግባት አለበት። ቀዝቅዞ ከመጣ እስከ 74 ዲግሪ አሙቂው። «ለምሳ ሰዓት» የሚል መልስ ብቻ ከሰጡሽ ሌላ ፈልጊ።

ምድጃ ጠባቂ
እኔንም «ለምሳ ሰዓት» ነበር ያሉኝ።

የእሳት ዳር
የኦቨን ጓንት ጥሩው የቱ ነው የሚለውን ማንም አልመለሰም። እኔ የሲሊኮኑን ትቼ ወፍራም የጨርቁን ነው የምመርጠው። የሲሊኮኑ እጄ ላይ ሞቆብኛል፣ አንሸራቶኛልም። 6 ኪሎ ተርኪ ከነፈሳሹ ይዘሽ ማንሸራተት አትፈልጊም።

ሒሳብ አዋቂ
ስለ ጓንት ማን ጠየቀ?

የእሳት ዳር
መጠየቅ ነበረባት።

አዲስ ማድቤት
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጓንትም የለኝም ለካ። አንድ ጥያቄ፦ አማቴ «ሆዱ ካልተሞላ ተርኪ አይባልም» ይላሉ። መሙላት አለብኝ? ማጠብስ? ጎረቤቴ ደህና አድርገሽ እጠቢው አለችኝ።

ማንኪያ
ታጥቦ ነው እንጂ! ሳይታጠብ እንዴት ይበላል?

ዝምተኛዋ
ባይታጠብ ይሻላል። እንደ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር ያሉትን ባክቴሪያዎች የሚገድላቸው ሙቀት ነው፣ ውሃ አይደለም። ሲታጠብ ጠብታው ወደ ሲንኩ፣ ወደ ሰላጣው፣ ወደ ፎጣው ይረጫል። በወረቀት ፎጣ አድርቂው፣ ወረቀቱን ጣዪ፣ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። በቃ።

ማንኪያ
እኛ ቤት ሁልጊዜ ይታጠባል፣ ማንም አልሞተም።

ዝምተኛዋ
ደስ ይለኛል።

ሒሳብ አዋቂ
መሙላቱን በተመለከተ፦ ሆዱ ውስጥ የሚሞላውም ነገር መሐሉ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። እሱ እስኪደርስ ደረቱ ይደርቃል። ለብቻው በሌላ ዕቃ ጋግሪና አጠገቡ አቅርቢ። ለአማትሽ «ከሆዱ የወጣ ነው» ብትያቸው አያጣሩም።

ጨው በልክ
ሥጋ ቤቱ ሰውዬ ሆዱን አጽድቶ ነው የሚሰጠኝ። ላስቲክ የለ፣ ምን የለ።

ቢላዋ ስሎ
እሺ ቀልዱን ልተው፣ ልጅቷ ተጨንቃለች። አዲስ ማድቤት፣ ስሚኝ። ከየትም ግዢው፣ እንዲህ አድርጊ።

ከመግዛትሽ በፊት ትሪውን ኦቨን ውስጥ አስገብተሽ በሩን ዝጊ። ከዚያ ከፍታውን ለኪ። ተርኪው ጣሪያውን ከነካ ቆዳው ይቃጠላል። አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉትን ስስ የአልሙኒየም ትሪ ከገዛሽ ከሥሩ ጠንካራ ትሪ አድርጊ። አለዚያ ስታወጪው መሐሉ ይታጠፍና ትኩሱ ስብ እግርሽ ላይ ይፈሳል።

ዋዜማውን፣ ቢቻል ከዚያም ቀደም ብለሽ፣ ላስቲኩን ከሆዱም ከአንገቱም በኩል ፈልገሽ አውጪ። ሁለቱንም ጎን እዪ። በደንብ አድርቂው። ጨዋማ ውሃ ካልተወጋ በኪሎ 10 ግራም ገደማ ጨው እሺው፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ከቆዳው ሥር ጣትሽን አስገብተሽ ደረቱንም እሺው። ሳትሸፍኚ ፍሪጅ ታችኛው መደብ ላይ አሳድሪው። ቆዳው ብራና መስሎ ሲደርቅ ካየሽ እንዳትደነግጪ፣ የሚፈለገው እሱ ነው። በኋላ የሚንኮሻኮሸው እንዲያ ሲሆን ነው።

በበዓሉ ቀን ኦቨኑን 165 ዲግሪ ላይ አሙቂ። ከሥሩ በወፍራሙ የተቆረጠ ሽንኩርትና ካሮት አንጥፊ፣ ዘይት ወይም ቅቤ ቀቢውና አስገቢው። ያልተሞላ 6 ኪሎ ሦስት ሰዓት አካባቢ ይፈጅበታል፣ አንዳንዴ ትንሽ ያልፋል። በየደቂቃው እየከፈትሽ ፈሳሹን አታፍስሺበት። ቆዳውን አልፎ ወደ ሥጋው አይገባም፣ ሙቀቱ ነው የሚወጣብሽ። ደረቱ ቀድሞ ከጠቆረ ፎይል ጣል አድርጊበት።

ኦቨን ከገባ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሞላው መለካት ጀምሪ። ቴርሞሜትሩን ታፋው ወፍራም የሆነበት ቦታ ላይ ሰክተሽ እዪ፣ አጥንት አይንካ። ደረቱንም፣ የክንፉን መገጣጠሚያም ለኪ። ሦስቱም 74 ዲግሪ ካሉ አውጪው። ቢያንስ 20 ደቂቃ ሳትነኪው ይረፍ። ያኔ የትሪውን ፈሳሽ ሶስ ታደርጊያለሽ።

ምድጃ ጠባቂ
ይኼን ጽሑፍ ለእነዚያ ሰዎች ልልክላቸው ነው።

አዲስ ማድቤት
ተባረክ! ስክሪንሹት አድርጌዋለሁ። ቴርሞሜትሩ የትኛው ይሻላል?

የእሳት ዳር
አንዳንድ ተርኪ ደረቱ ላይ ሲበስል ብቅ የሚል ትንሽ ፕላስቲክ ተሰክቶበት ይሸጣል። እሱ ይበቃሻል።

ቢላዋ ስሎ
አይበቃም። እሱ ብቅ እስኪል ከጠበቅሽ ብዙ ጊዜ ደረቱ አልፎበታል። የሚለካውም የተሰካበትን ቦታ ብቻ ነው። ወዲያው የሚያነበውን ተራ ዲጂታል ግዢ። በረዶ በበዛበት ውሃ ውስጥ ስታስገቢው ዜሮ ዲግሪ ካላነበበ መልሺው። ሽቦ ያለውና ኦቨን ውስጥ የሚቆየውም ጥሩ ነው፣ በሩን ሳትከፍቺ ታያለሽ። ግን አንድ ቦታ ብቻ ስለሚለካ መጨረሻ ላይ ሌላውንም ቦታ ማየት ይኖርብሻል።

ማንኪያ
እናቴ ያለ ቴርሞሜትር ነው ያሳደገችን። ታፋው ሲወጋ የሚወጣው ውሃ ጠርቶ ከሆነ በስሏል።

ሒሳብ አዋቂ
ቀለም ያታልላል። ሳይበስልም ሊጠራ ይችላል፣ በስሎም ሮዝ ሊል ይችላል።

ማንኪያ
እናቴን ነው እንዴ የምትሳደበው?

ዝምተኛዋ
ኧረ ተዉ፣ ለበዓል።

የኦቨን ላስቲክ ማንም አላነሳም። ለጀማሪ መጥፎ አይደለም። ለኦቨን ተብሎ የተሠራውን ብቻ፣ ተራ ላስቲክ ይቀልጣል። ውስጡ አንድ ማንኪያ ዱቄት በትኚ፣ ላዩን ትንሽ ቅደጂው፣ ግድግዳውን እንዳይነካ። ሥጋው አይደርቅም፣ ትሪውም አይቆሽሽም። ቆዳው ግን እንደ ክፍቱ አይንኮሻኮሽም።

ቢላዋ ስሎ
ቆዳው ካልተንኮሻኮሸ ቀቅዪው በያት።

ዝምተኛዋ
ቀልዱን ትቻለሁ አላልክም?

ሒሳብ አዋቂ
ሰዓት ካጠረሽ የጀርባ አጥንቱን ሥጋ ቤት አስወጥተሽ እንደ መጽሐፍ ዘርግተሽ ጥበሺው። 220 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ይበቃዋል፣ ደረቱና ታፋውም እኩል ይደርሳሉ። ሰፊ ትሪ ግን ይፈልጋል። ሙሉውን ጠረጴዛ ላይ ማሳየት ከፈለግሽም አይሆንሽም።

ጨው በልክ
የኔ ሰውዬ ይኼንን በነጻ ነው የሚሠራው።

ማንኪያ
አዲስ ማድቤት፣ የቱን ወሰንሽ ታዲያ?

ምድጃ ጠባቂ
ተጠብሶ የሚመጣውን እንዳትዪ ብቻ!

አዲስ ማድቤት
ቆይ፣ የተረፈው ስንት ቀን ይቆያል?

ዝምተኛዋ
ከአጥንቱ ለይተሽ ጠፍጣፋ ዕቃ ውስጥ ፍሪጅ ካስገባሽው ከሦስት እስከ አራት ቀን። ከዚያ በላይ ከሆነ ፍሪዘር።

የእሳት ዳር
አሥር ሰው መጥቶ ምን ሊተርፍ?

ሒሳብ አዋቂ
ጨው በልክ፣ ይኼን ሁሉ አውርተህ የሥጋ ቤቱን ስም ግን አልነገርከንም እኮ።

ጨው በልክ
ልንገራችሁና ለበዓል ወረፋ ልትፈጥሩብኝ?