የባህል ፍርድ ቤት፦ ፍትሕ ቀረበ ወይስ ሥራው ለሽማግሌ ተገፋ?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው መከራከሪያችን ይኸውና። የኦሮሚያ ክልል በ2013 ዓ.ም. የባህል ፍርድ ቤቶችን የሚያቋቁምና ዕውቅና የሚሰጥ አዋጅ ቁጥር 240 አውጥቷል። ከዚያ ወዲህ በየቀበሌው የተመረጡ ሽማግሌዎች ችሎት ይቀመጣሉ። መንግሥት ፍትሕን ለሕዝብ አቀረብኩ ይላል። መደበኛው ፍርድ ቤት ስላቃተው ሸክሙን ለሽማግሌ አራገፈው የሚሉም አሉ። ነገሩ ሌላውም ክልል ይልመድ ወይስ ይቅር? ስድብ አይፈቀድም። ብሔር ለብሔር መነካካትም አይፈቀድም።

ባለመዝገብ፦ ይልመድ እንጂ! እኔ የድንበር ክርክር ነበረብኝ። ከጎረቤቴ ጋር፣ በሬ አዙሮ ለማረስ እንኳን በማትበቃ ቁራጭ መሬት። ወረዳ ፍርድ ቤት ከሰስኩ። ዳኛ ሲቀያየር መዝገቡ እንደ አዲስ ይነበባል። አንድ ቀን ምስክሮቼን ይዤ ደረስኩ። ችሎቱ በር ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈች ወረቀት ተለጥፋለች። ዳኛው ሥልጠና ላይ ናቸው፣ ተለዋጭ ቀጠሮ ከሬጅስትራር ውሰዱ ትላለች። ሬጅስትራሩ ጋ ደግሞ ሰልፍ ነው። ተራዬ ሲደርስ ምሳ ሰዓት ሆነ። ምስክር እኮ ዝም ብሎ አይመጣም። ታበላለህ፣ አልጋ ትይዛለህ፣ የቀረበትን የቀን ሥራ ትክሳለህ። ራፖር ጸሐፊው አለ፣ ኮፒው አለ፣ ትራንስፖርቱ አለ። መሬቷ ብትሸጥ ያወጣሁትን አትመልስም።

በመጨረሻ የገላገሉን የሰፈር ሽማግሌዎች ናቸው። ገመድ ይዘው መጡ፣ ለኩ፣ የድንበር ድንጋይ ተከሉ፣ አለቀ።

ልደታ ሰፈር፦ "በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ" ብለህ ነዋ ስትመላለስ የኖርከው!

ባለመዝገብ፦ በቅሎዋም ሄደች፣ ጭብጦዋም ሄደች ወንድሜ።

ጠበቃዋ፦ ባለመዝገብ፣ ያንተ ጉዳይ ለሽምግልና የተሠራ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች፣ አቅማቸው የተመጣጠነ፣ ነገም አብረው የሚኖሩ። እኔን የሚያሳስበኝ አቅማቸው የማይመጣጠነው ነው።

ብዙ ጊዜ የሚገጥመኝን ልንገራችሁ። አባት ይሞታል። ወንድሞች መሬቱ ላይ ናቸው፣ እህት ሌላ ቀበሌ ተድራለች። ድርሻዋን ስትጠይቅ ሽማግሌ ይሰየማል። ሽማግሌዎቹ የአባቷ ወዳጆች ናቸው፣ ወንድሞቿን አሳድገዋል። ቡና ይፈላል፣ ይመረቃል። ከዚያ "ልጄ፣ አንቺ እኮ ባል አለሽ፣ ለወንድሞችሽ ተይላቸው" ይባላል። ምርቃቱን አሜን ብላ ከተቀበለች በኋላ እምቢ ብትል እርግማን የጠራች ነው የሚመስላት። ጣቷን ቀለም ነክራ ትፈርማለች። ወረቀቱ ላይ "በፈቃዷ" ተብሎ ይጻፋል።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በባህል ወይም በሃይማኖት ሕግ ሊዳኝ ይችላል ይላል፣ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ። ክርክሩ ሁሉ ያለው "ከፈቀዱ" የምትለዋ ላይ ነው።

የሰላሌው፦ እኔ በተግባር የማየውን ልናገር። እኛ ቀበሌ ሽማግሌዎቹ በገበያ ቀን ይቀመጣሉ። ሰው ከብቱን ሸጦ፣ ዘይቱን ገዝቶ፣ ጉዳዩንም ነግሮ ቤቱ ይገባል። ጠበቃ አይከፍልም። ሽማግሌው የሚናገረውን ይሰማዋል፣ እሱም የሚናገረውን ሽማግሌው ይገባዋል። ክርክሩ የዛፍ ከሆነ ተነስተው ዛፉ ሥር ይሄዳሉ። የወረዳ ዳኛ ዛፍ ሥር ሲሄድ አይተሽ ታውቂያለሽ?

ደግሞ ሴት ሁልጊዜ ዝም ባይ አይደለችም። እኛ ጋ ሲንቄ አለ። ያገባች ሴት በሠርጓ ቀን የምትቀበለው በትር ነው። ባል ቢደበድባት፣ መብቷ ቢነካ፣ ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ። ሽማግሌው ያን ሲያይ ቁጭ ብሎ መስማት ግዴታው ነው። አንቺ የምትያት ሴት ወረዳ ከተማ ድረስ መጥታ ጠበቃ ቆሞላት የምትከራከር ይመስልሻል? ቤቷ ነው የምትቀረው።

የጉራጌ ልጅ፦ የቃቄ ወርድወት ትዝ አለችኝ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በቸሃ የጆካ ሸንጎ ፊት ቆማ፣ ሴትም ባሏን የመፍታት መብት ይኑራት ብላ የሞገተች። የባህል ሸንጎም በሴት ይሞገታል ማለት ነው።

ጠበቃዋ፦ እውነት ነው፣ ክብር ይገባታል። ግን ስሟ እስከ ዛሬ የሚነሳው እንደሷ ያለች ብርቅ ስለሆነች ነው። እኔ የምከራከረው ወርድወት መሆን ለማትችለዋ ነው።

ጋሽ ዳኛ፦ ልጆች፣ በወረዳ ዳኝነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ጥቂት ልጨምር። ይህ ነገር አዲስ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3347 ሕጉ በሸፈነው ጉዳይ ላይ ልማድን ሽሮ ነበር። ልማዱ ግን አልሰማም! አዋጅ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ይታተማል፣ ሽማግሌው ዋርካ ሥር ይቀመጣል።

ያው ሕግ ራሱ ፍቺን ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰጥቶ ነበር። ምን ሆነ መሰላችሁ? ባል የራሱን ሽማግሌዎች ይመርጣል። እነሱ ደግሞ ሳይሰበሰቡ ይከርማሉ። አንዱ ለቅሶ ሄደ፣ አንዱ ታመመ። በዚህ መሀል ከብቱ ይሸጣል፣ እህሉ ያልቃል። ሴትየዋ ስትፈታ የምትካፈለው ጎተራው ባዶ ነው። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት የሰጠው ሽምግልናን ንቆ አይደለም። ተሞክሮ ታይቶ ነው። አሁን ዞረን ወደዚያው ስንመለስ ያኔ የተቸገርንበትን ጠንቅቀን እንወቅ ነው የምለው።

የሰላሌው፦ ጋሼ፣ ያኔ ሽማግሌውን ባል ነበር የሚመርጠው። አሁን ማኅበረሰቡ ነው የሚመርጠው፤ ከቀበሌው በላይም ይግባኝ የሚሰማ አለ። ይሄ ልዩነት ትንሽ ነው?

ጋሽ ዳኛ፦ ትንሽ አይደለም፣ እቀበላለሁ። ግን ደም ላይ ስትመጣ እንዴት ትሆናለህ? ሰው ሞቶ ሽማግሌ ጉማ፣ ማለትም የደም ካሳ፣ ያስከፍላል፣ ደም ያደርቃል፣ ቤተሰብ ይታረቃል። ዓቃቤ ሕግ ግን ክሱን አይተውም። ያኔ ምስክሮቹ ችሎት ቀርበው "አላየሁም፣ አልሰማሁም" ይላሉ። እርቅ ካወረዱ በኋላ መመስከር ነውር ነዋ! ተከሳሹ በነፃ ይሄዳል። ተገላቢጦሹም አለ። እርቅ ሳይወርድ የተፈረደበት ሰው እስሩን ጨርሶ ሲወጣ የሟች ወገን መንገድ ላይ ይጠብቀዋል። መንግሥት ቀጥቼዋለሁ ይላል፣ ቤተሰቡ ገና አልተካስንም ይላል። ሁለቱ ችሎቶች ሳይነጋገሩ ሁለቱንም ማጠናከር መዘዝ አለው።

ልደታ ሰፈር፦ እኔ ደግሞ ሁላችሁም የረሳችሁትን ላንሳ። እስካሁን የምታወሩት ጎረቤት ከጎረቤት፣ ወንድም ከእህት ነው። የከሰሰህ ወይም ያሰረህ መንግሥት ሲሆንስ? ፍርድ ቤት ዋስትና ፈቅዶለት፣ ገንዘቡ ተከፍሎ፣ ፖሊስ አልለቅም ያለው ሰው ስንት ነው? ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ ደጋግሞ ያነሳው ጉዳይ ነው። ዳኛ ያዘዘውን ያልሰማ ፖሊስ ሽማግሌ ቢመርቀው ሊሰማ ነው?

ዜና ላይ ስማርት ችሎት እናያለን፣ ስክሪን፣ ካሜራ፣ ወረቀት አልባ መዝገብ። አልጠላም፣ ከልቤ ነው። በ2013 የወጡት የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ 1234 እና የዳኝነት አስተዳደር አዋጅ 1233 ጥሩ ነገር አላቸው። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሾሙ ስንት ተስፋ አድርገን ነበር። በጥር 2015 ለቀቁ። ሕጉም ስክሪኑም አለ። የዳኛው ትእዛዝ ከጣቢያው በር ካላለፈ ግን ምኑን ፍትሕ ቀረበ?

ባለመዝገብ፦ እሱ ሌላ ርእስ ነው።

ልደታ ሰፈር፦ ሌላ አይደለም። መንግሥት ትንንሹን ጉዳይ ለሽማግሌ ሰጥቶ "ፍትሕን አሻሻልኩ" ሲል ትልቁ ተሸፍኖ ይቀራል ነው ነገሬ። በ1995ቱ የአዲስ አበባ ቻርተር የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት እስከ 5,000 ብር ያለ ክርክር እንዲያይ ተደርጎ ነበር። በዛሬ ገበያ የጫማ ክርክር ነው! እንዲህ እንዲህ እያልን ድሃውን በትንሽ ችሎት ማሳለፍ ለምዶብናል።

የሰላሌው፦ ድሃውን ማሳለፍ አልከው? ድሃው እኮ ያለ ትንሹ ችሎት ምንም የለውም። አንተ ከልደታ ሆነህ ስለ ዋስትና ታወራለህ፣ ይገባኛል። የእኔ ጎረቤት ግን ችግሩ የጎረቤት በሬ የበላበት ጤፍ ነው። ለሱ ያ ጤፍ የዓመት ቀለቡ ነው። ትልቁ ጉዳይ እሱ ነው።

ማሚቱ ሜሪላንድ፦ ሰላም፣ አንብቤ ብቻ ልሄድ ነበር፣ አልቻልኩም። አባታችን ሲሞት ወንድሜ "ለጉዳይ መጨረሻ" ብሎ ውክልና አስላከኝ። ሽማግሌ ተቀመጠ። እኔ በስልክ ነበርኩ፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል። የምሰማው "እንዴት ነሽ ልጄ" እና ምርቃት ብቻ። ከዚያ ቤቱ ለሱ፣ ለእኔ የማላውቀው ጓሮ ደረሰኝ። "ተስማምታለች" ተባለ። መቼ ነው የተስማማሁት?

ጠበቃዋ፦ ማሚቱዬ፣ አይዞሽ። የምጮኸው ለዚህ ነው። አንድ የታወቀ ጉዳይ ልጥቀስ። በአዲስ አበባ አንዲት ሴት በውርስ ቤት ጉዳይ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ተከሰሰች። በዚህ ፍርድ ቤት መዳኘት አልፈልግም አለች። አልተሰማችም። ይግባኙም ሰበሩም አልረዳትም። በ1996 ዓ.ም. ጉዳዩ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደርሶ፣ ያለ ፈቃዷ መዳኘቷ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ተባለ። እዚያ እስኪደርስ ስንት ችሎት እንደረገጠች አስቡት።

ያውም በሸሪዓ ፍርድ ቤቶቹ አዋጅ 188 መሠረት መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ሰው እንደተስማማ ይቆጠራል። ዝምታ ፈቃድ ሆነ ማለት ነው። የባህል ፍርድ ቤትን ወደ ሌላ ክልል የሚያሰፋ ሁሉ በቅድሚያ ይህችን ይፍታ። ፈቃዷን ሲጠይቋት ወንድሞቿ ከቤት ይውጡ። ከምርቃቱ በፊት ትጠየቅ። እምቢ ካለች ለምን እንዳትባል። ይህ ከተሟላ የሰላሌውን ችሎት ለመቃወም ምክንያት የለኝም።

የሰላሌው፦ ወንድሞቿ ይውጡ የምትይው ለእኛ ሰው ይከብዳል፣ ስድብ ይመስለዋል። መጻፉ ግን አይከብድም። የጽሕፈት ሥራውን የሚሠራ ልጅ አለን፣ እሱ ለብቻዋ ጠይቆ ይጻፍ።

ጠበቃዋ፦ ልጁ የማን ልጅ ነው?

የሰላሌው፦ 😂 የቀበሌው። እሺ፣ ተያዝኩ። ከሌላ ቀበሌ ይምጣ በቃ።

ማሚቱ ሜሪላንድ፦ የኔ ነገር አልቆለታል ማለት ነው?

ጠበቃዋ፦ ሳይታይ አይባልም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 ወኪል ያለ ልዩ ሥልጣን የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥም ሆነ መታረቅ አይችልም ይላል። "ጉዳዬን ይጨርስልኝ" የሚል ጠቅላላ ቃል አይበቃም። ውክልናሽ ላይ የመታረቅ፣ የመስማማት የሚል ነገር በግልጽ ተጽፏል?

ማሚቱ ሜሪላንድ፦ እሱ ያዘጋጀውን ነው የፈረምኩት። ቆይ ኮፒው አለኝ፣ አንስቼ በውስጥ ልላክልሽ።

ጠበቃዋ፦ ላኪልኝ። እስከዚያ ለወንድምሽ ምንም እንዳትጽፊለት።